የቀረው ግጥሚያ

«ዝም በይ እስቲ!» ይላል ባሌ፣ የሬዲዮኑን ድምፅ እየጨመረ። እኔ ምንም አልተናገርኩም፤ የምትጮኸው የስፌት መኪናዬ ናት። እግሬን ከፔዳሉ ላይ አነሳለሁ።

ዜና አንባቢዋ ትቀጥላለች። የፌዴራሉ ምክር ቤት እንስሳትን ማዋጋት የሚከለክለውን አዋጅ ዛሬ ጠዋት አጽድቋል። አዋጁ ከዛሬ ጀምሮ የጸና ነው። ያዋጋ፣ ለማዋጋት ያሠለጠነ፣ ቦታ የሰጠ፣ ቆሞ ያየ ሳይቀር ይታሰራል።

ባሌ ክላክስን ያያል፤ ክላክስም ባሌን። ክላክስ ጎረቤታችን ነው፣ የአውቶቡስ ሹፌር። ቅጽል ስሙን ያገኘው ግን ከአውቶቡሱ ሳይሆን ከጉሮሮው ነው። ነገ ከሰዓት በኋላ የእሱ ውሻና የእኛ ነብሮ ባሌ ከሚሠራበት ጋራዥ ጀርባ ሊገጥሙ ቀጠሮ ተይዞላቸዋል። አሁን የመጣውም ሰዓቱን ለመነጋገር ነው።

ነገሩ የተጀመረው በመጠጥ ቤት ጉራ ነው። «የኔ ያንተን ይበላዋል!» «የኔ ያንተን ያስለቅሰዋል!» ተባባሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ባሌ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለውም። ነብሮን ገና ዓይኑን ሳይገልጥ ከቦይ አውጥቶ በጡጦ ያሳደገው እሱ ነው። ላሠልጥነው ብሎ ወደ ጓሮ ይዞት ይወጣል፤ ሄጄ ሳይ መዥገር እየለቀመለት ነው። «ይቅርብኝ በልና ገላግለን» ስለው፣ «ሰው ምን ይለኛል?» ይላል። እኔም ነብሮ ተዘነጣጥሎ ሲመጣ እየታየኝ የሰው ቀሚስ አጣምሜ እሰፋለሁ።

ባሌ ጠረጴዛውን በቡጢ ይመታል። «ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ሕግ ነው! በገዛ ውሻዬ?»

«ወይ ዘመን!» ክላክስ ያምባርቃል። «የኔማ ነገ ጉድ ሊያሳይህ ነበር!»

«ሂድና ውሻህን ተርፈሃል በለው!»

«የተረፈውስ ያንተ ነው፣ ወንድሜ!»

«ምን ይደረግ። ሕግ ነው።»

«ሕግ ነው እንግዲህ። ከሕግ ጋር ግብግብ አንገጥም።»

እርግማኑ ለጉድ ነው፤ የሁለቱም ፊት ግን ፈክቷል። ሳቄ እንዳያመልጠኝ ክሩን በጥርሴ ነክሼ እይዛለሁ።

ክላክስ ሊሄድ ሲነሳ በር ድረስ እሸኘዋለሁ። ደፉ ላይ ቆም ብሎ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ከዚያ ጉሮሮ ሹክሹክታ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም።

«እህቴ፣ ውሻችን እኮ ከልጆቹ ጋር ነው የሚተኛው። ነገ ምን ብዬ እነግራቸው ነበር?»

ሆዴ ቅቤ ይጠጣል። ተመልሼ ስገባ ባሌ ወንበሩ ላይ የለም። በጓሮው በር ብቅ ስል፣ የሥራ ቱታውን እንደለበሰ መሬት ላይ ተዘርፍጧል። ነብሮ፣ ያ ሁሉ የተፎከረበት አውሬ፣ ጭኑ ላይ ተኝቶ ሆዱን እንዲያክለት እግሮቹን ሰቅሏል።

«ሴትዮዋ ቅጣቱ ስንት ዓመት ነው ያለችው?» ይለኛል ቀና ሳይል።

«እስከ አምስት።»

ሆዱን ያክለታል። ከዚያ ዓይኑን በክንዱ ይጠርግና፣

«ያንሳል» ይላል።