ለመርዶ የተከለከለ በረራ

የምንትዋብ በረራ የተሰረዘው መሳፈሪያው በር ላይ ስትደርስ ነው። የሰው ምስል በብርሃን ተሠርቶ አገር አቋርጦ ቤት መግባት ከቻለ ወዲህ፣ አውሮፕላን የሚሳፈረው አካሉ የግድ የሚያስፈልግ ሰው ብቻ ነበር።

«ናይሮቢ ለምን ይሄዳሉ?» አላት ሠራተኛው።

«ባለቤቴን ትናንት ቀበርኩ። ልጄን ላረዳት ነው።»

«ነፍስ ይማር፣ እናቴ። ግን መርዶ በምስልም ይነገራል። ምስልዎን አሁኑኑ ልላክልዎት?»

«ስትወድቅ በምን እጄ ልይዛት ነው?»

በሩ ግን አልተከፈተላትም። ምንትዋብ ወጥታ በሞያሌ በኩል ሦስት ቀን የሚጓዝ አውቶቡስ ያዘች።

ሐዋሳን እንዳለፉ ልጇ ፌቨን በቪዲዮ ደወለች። ምንትዋብ ጥቁር ነጠላዋን ከራሷ ገፍፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ስልኩን አነሳች።

«እማዬ፣ ወዴት ነው?»

«ዲላ፣ ለሰርግ።»

«አባዬን ጥለሽው? ቁርሱንስ በላ?»

«በልቷል።»

«ምን ሠራሽለት?»

ምንትዋብ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። «ፍርፍር። ጨው በዛበት ብሎ ተቆጣኝ።»

ፌቨን ከት ብላ ሳቀች። «ቆይ፣ ደውዬ ላብሽቀው!» ብላ ዘጋች።

ወዲያው ቦርሳው ውስጥ የባሏ ስልክ መጮህ ጀመረ።

«እትዬ፣ አያነሱትም?» አለቻት አጠገቧ የተቀመጠች ሴት።

ምንትዋብ ድምፁ እስኪቆም ድረስ ቦርሳውን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው።