መነጽራቸውን የሚረሱት ሰውዬ

«እህት ዓለም... መነጽሬን ረስቼው ነው የመጣሁት። ይሄ ከረጢት የየትኛው ክፍል ነው?»

ሴትየዋን ላብ አጠመቃት...

በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ የመጀመሪያ ቀኗ ነው። ልጆቿን አሳድጋ ስታበቃ የማታ ትምህርት ገብታ ፊደል ቆጠረች። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ለሥራ ልምምድ እዚህ ላካት።

ልምምዱ ሲያልቅ በየልብስ ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን የክፍል ስም ራሷ አንብባ ከለየች ትቀጠራለች።

ካቃታት... ያው እንደ ድሮው ሰው ቤት እየዞሩ ማጠብ ነው።

ከረጢቱ ላይ አፈጠጠች።

«ማ... ዋ... ለ... ጃ።»

«ተባረኪ» አሉ ጠያቂዋ ሽማግሌ፤ የልብስ ጋሪያቸውን እየገፉ ሄዱ።

በማግስቱም መጡ። «እህት ዓለም፣ ያ መነጽር ዛሬም...»

ከዚያ ወዲያ ሳይረሱት የመጡበት ቀን የለም። ሠራተኛው «ጋሽ መነጽር» ብሎ ስም አውጥቶላቸዋል። «ጋሽ መነጽር፣ ዛሬ ጭንቅላትዎን እንኳ ይዘው መጥተዋል?» እያሉ ሲስቁባቸው አብረው ይስቃሉ።

አንዳንዴ ትሳሳታለች። ያኔ «እስቲ ድገሚልኝ፣ ጆሮዬም እንደ ዓይኔ ሰነፍ ነው» ይሏታል። ስትደግመው ራሷ ታርመዋለች።

«ምስኪን... እኔ ባልኖር ምን ይውጣቸው ነበር?» እያለች ነው ቤቷ የምትገባው።

የፈተናው ቀን ደረሰ። የልብስ ማጠቢያው ኃላፊ የከረጢት ክምር አሳየቻት።

«በይ ለዪ።»

«ሕፃናት። ቀዶ ጥገና። ማዋለጃ። ድንገተኛ...»

አንዴም ምላሷ አልተያዘም። ተቀጠረች።

በደስታ እየበረረች ጋሽ መነጽር ጋ ሄደች። ስጦታ ገዝታላቸው ነበር... መነጽር አንገት ላይ የሚንጠለጠልበት ገመድ።

«ጋሼ፣ ከእንግዲህ አይረሱትም።»

ከኋላዋ የመጣችው ኃላፊ ሳቋ አመለጣት።

«የምን መነጽር? እኚህ ሰውዬ እኮ መነጽር አድርገው አያውቁም። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ሲያቅተን የምንጠራው እሳቸውን ነው።»

ሴትየዋ ክው አለች።

ጋሽ መነጽር ገመዱን ከእጇ ተቀበሉ...

«እኔም የመጣሁት ከዚያው ከማታ ትምህርት ቤት ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ያኔ እዚህ አንዲት ሴት ነበረች... እሷም መነጽሯን ትረሳ ነበር። ላስተምርህ ብትለኝ ኖሮ አፍሬ በዚያው እቀር ነበር።»

ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል ቀና አደረጓትና ገመዱን እሷው አንገት ላይ አጠለቁላት።

«እኔ ጡረታ መውጫዬ ደርሷል። ይሄ ላንቺ ይሁን።»

ሰንበት ብሎ አንድ ጎልማሳ ለልምምድ መጣ። ከረጢቶቹን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ።

ሴትየዋ ጋሪዋን እየገፋች ጠጋ አለችው። አንገቷ ላይ ገመድ አለ... መነጽር ግን የለውም።

«ወንድም ዓለም... መነጽሬን ረስቼው ነው የመጣሁት። ይሄ የየትኛው ክፍል ነው?»

ወዳጆቼ... የሚያስተምር ሰው ብዙ ነው። ሳያሳፍር የሚያስተምር ግን ጥቂት ነው፤ ካገኛችሁት አትርሱት።

ለእናንተ ሲሉ መነጽራቸውን «የረሱት» ማን ናቸው? እስቲ እዚህ ኮሜንት ላይ አመስግኗቸው... ማን ያውቃል፣ ያነቡት ይሆናል።