ልሙጥ ክንፍ

ከሸምበቆና ከብራና የሠራኋትን የውሃ ተርብ ደግሜ እወረውራታለሁ። ትንሽ ሄዳ ክንፎቿ ይርገበገባሉ፤ ከዚያ አጥሩ ሥር በአፍንጫዋ ትተከላለች።

"ምነው፣ ጽድት አድርጌ ፍቄልሽ የለ?" ይላሉ አባቴ።

እውነታቸውን ነው። አባቴ ብራና ፋቂ ናቸው። የፍየል ቆዳ ወጥረው ብርሃን እስኪያሳልፍ ይፍቃሉ፤ ከእጃቸው በወጣ ብራና ላይ ጉድፍ ያገኘ ጸሐፊ የለም። የተርቤን አራት ክንፎችም እንደ ልማዳቸው ልሙጥ አድርገው ፋቁልኝ።

የትምህርት ቤታችን መምህር አስማማው ከሰዓት በኋላ ከአማኑኤል ከተማ ወደ ደብረ ማርቆስ ለሳይንስ ውድድር በመኪና ይወስደናል። "ያልበረረ አይጫንም" ብሏል። እኔ ደግሞ ሳልጫን አልቀርም!

ወንዝ ዳር ሞታ ያገኘኋትን እውነተኛዋን ተርብ ከክብሪት ቤት አወጣለሁ። "ይዩዋት አባየ። ክንፏ ልሙጥ አይደለም፤ እንደ ቀሚስ ሽንሽን እጥፍ እጥፍ ነው። ጥንካሬዋ እሱ ነው። ጫፉ አጠገብ ያለው ጥቁር ነጥብስ?"

"ጉድፍ ነዋ።"

"በአራቱም ክንፍ፣ እኩል ቦታ ላይ?"

ተርቧን ወደ ዓይናቸው ያስጠጋሉ።

"ነጥቡ ከሌላው ክንፍ ይከብዳል። ነፋስ ሲመታው እንዳይርገበገብ የሚይዘው እሱ ነው።"

ብራናውን በጣቶቼ መሸንሸን ስጀምር ፊታቸውን ያዞራሉ። ጧፍ ስለኩስ ግን ብድግ ይላሉ።

"ሰም? አንቺ ሕሊና! ሰም የነካው ብራና እኮ ቀለም አይቀበልም!"

"አይጻፍበትም አባየ፤ ይበራል።"

የዚያን ሁሉ ቀን ልፋታቸውን ፊታቸው ቆሜ ማበላሸቴ ነው። ቢሆንም አልተውም፤ በሦስቱ ክንፎች ጫፍ ላይ ሰም አንጠባጥባለሁ። አራተኛው ላይ ጧፉን አዘንብዬ ቦታውን እፈልጋለሁ።

"አምጪው" ይላሉ አባቴ። ጧፉን ተቀብለው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው፣ አንዲት ጠብታ ልክ ቦታዋ ላይ ያሳርፋሉ።

ሰሙ እስኪደርቅ እፍ እያልኩ እጠብቃለሁ። ከዚያ እወረውራታለሁ።

ክንፎቿ አይርገበገቡም። አጥሩን አልፋ፣ በጎረቤታችን በእትየ ወለተ ሰንበት ባቄላ ላይ ቀጥ ብላ ትንሳፈፋለች። እልል እያልኩ ላመጣት እሮጣለሁ።

አጥሩ ጋ ስደርስ "አዩልኝ?" ልል ዞር እላለሁ። አባቴ ወደተወጠረው ቆዳቸው ተመልሰዋል። መፋቂያቸው ቁልቁል እየላገ መጥቶ አንዲት ጥቁር ነጥብ ጋ ይደርሳል፤ እዚያ ላይ ይቆማል።