«አፉ ይበሉን፣ አባ»

«አባ፣ ስልክዎን ይስጡኝ! ከላይ ሲሆኑ ከኪስዎ ይወድቃል!»

ጋሽ ኢብራሂም ሳያቅማሙ ሰጧት። ልጃቸው ናጅዋ ናት... ከልጅ የሚደበቅ ምን አለ?

ቦታው አዲስ አበባ፣ የልጆች መጫወቻ ነው። የስድሳ ምናምን ዓመት ሰው፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ትልቁ የሚሽከረከር ጎማ ላይ ሊወጡ ነው።

(ታሪኩን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው። ስማቸውን ቀይሬያለሁ... ብስጭቴን ግን ልደብቅ አልቻልኩም።)

ልጆቹ ትንንሽ ሳሉ አንድ ዒድ ላይ እዚሁ አምጥተዋቸው ነበር።

ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት በጫነ አይሱዙ፣ ጋቢና ውስጥ ተጠጋግተው... እናታቸውም ነበረች።

ያን ቀን ትንሹ ረድዋን ጎማው ላይ ሲወጣ በፍርሃት እጁን አባቱ ኪስ ውስጥ ከቶ አላወጣም አለ።

«አባ፣ እንዳትለቀኝ!»

ጋሽ ኢብራሂም ይህን ሲያስታውሱ አሁንም ይስቃሉ።

እናትየው ከሞተች ቆይቷል። ልጆቹም አዲስ አበባ ገብተው የየራሳቸውን ኑሮ ያዙ። አባት ሸዋ ሮቢት ሙቀት ውስጥ ከሬዲዮ ጋር እያወሩ እራታቸውን ብቻቸውን ይበላሉ።

በኋላ ግን አላህ ሩቂያን አመጣላቸው። የሰፈራቸው ሰው ናት፣ ባሏ የሞተባት። ሽማግሌ ተላከ፣ እሺ ተባለ... ኒካሑ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሊታሰር ተቀጠረ።

በዚያው ሳምንት ልጆቹ መኪና ይዘው ከች አሉ!

«አባ፣ ከኒካሑ በፊት እንደ ድሮው እኛ ብቻ እንዝናና። እዚያው መጫወቻ ቦታ!»

ጋሽ ኢብራሂም ደስታውን አልቻሉትም። ለሩቂያ ነገሯት።

«ይሂዱ እንጂ! ልጆችዎ ናቸው» አለች እየሳቀች። «እኔ የትም አልሄድም።»

ሐሙስ ዕለት ጎማው ላይ ወጡ።

አሁን ረድዋን ጺሙ የሞላ ጎልማሳ ነው። አባቱን አቅፎ አጠገባቸው ተቀመጠ። ናጅዋ ስልኩን ይዛ ከታች ቀረች።

ጫፍ ላይ ሲደርሱ ረድዋን አንገቱን ደፋ...

«አባ፣ አውቀንም ሆነ ሳናውቅ ላጠፋነው... እኔንም ናጅዋንም አፉ ይበሉን።»

አፉ ይበሉን ማለት ይቅር ይበሉን ማለት ነው። በእኛ አገር ሐጅ የሚሄድ ሰው፣ ትልቅ ጉዳይ የሚጀምር ሰው ቤት ለቤት ዞሮ ይህን ይጠይቃል። አፉ የተባለ ጥፋት ዳግም አይነሳም።

ጋሽ ኢብራሂም «ልጆቼ በንጹሕ ልብ ሊድሩኝ ነው» ብለው እንባቸው መጣ።

«አፉ ብያችኋለሁ! በዱንያም በአኼራም!»

ወረዱ። ስልካቸውን ተቀበሉ።

«ማን ደወለ?»

«ማንም» አለች ናጅዋ።

ማታ ሩቂያ ጋ ቢደውሉ አይነሳም።

«ሙሽራ ናት እኮ አባ... ትፈር እንጂ!» ብላ ናጅዋ ሳቀች።

እሳቸውም አብረው ሳቁ።

ዓርብ ማለዳ ጉዞ ወደ ቤት። የጣርማ በርን ዋሻ አለፉ። ደብረ ሲና ላይ መኪናውን አስቁመው ለሩቂያ ቆሎ ገዙላት፣ ትወዳለች።

«ቀጥታ እሷ በር አድርሱኝ» አሉ።

አደረሷቸው።

በሩ በጓጉንቸር ተቆልፏል።

ጎረቤቷ እትዬ ከበቡሽ ብቅ አሉ።

«ጋሼ?! ደግሞ ምን ቀረዎት?»

«ምን ማለት ነው? ሩቂያ የት ሄደች?»

«‹ከልጆቼ ጋር አዲስ አበባ ልቀር ነው፣ ሁለተኛ እንዳትደውልልኝ› ብለው አስነግረው የለ እንዴ! በገዛ ስልክዎ፣ በልጅዎ አፍ! ለኒካሑ የጠራችውን ሰው ምን ትበለው? ስታለቅስ አድራ ጠዋት ከሚሴ ወንድሟ ዘንድ ሄደች።»

የቆሎው ፌስታል ከእጃቸው ወደቀ።

ዞረው ልጆቻቸውን አዩ። ናጅዋ መሬት መሬት ታያለች።

ረድዋን ተናገረ...

«አባ፣ የእማዬ ቤት ሌላ ሴት ስትገባበት ማየት አልቻልንም። ደግሞ... አፉ ብለውናል።»

ወገን! ይህን ሰምታችኋል?

አባት ከላይ ሆነው እያለቀሱ ይቅር ሲሉ፣ ልጅ ከታች ሆና ስልክ ላይ ቤታቸውን እያፈረሰች ነበር! ጥፋቱና ይቅርታው በአንድ ሰዓት!

ጋሽ ኢብራሂም እንዲህ አሉት።

«ረድዋን... ያኔ እጅህን ኪሴ ውስጥ የከተትከው ፈርተህ ነበር። ትናንት ግን ሁለታችሁም ኪሴ የገባችሁት ልትሰርቁኝ ነው።»

«አባ...»

«ቃሌን አላጥፍም። የኔን አፉ ብያችኋለሁ። የሩቂያ አፉ ግን በእጄ የለም። ሂዱ፣ በሯ ላይ ቆማችሁ ለምኗት።»

እሳቸው በዚያው ቀን ከሚሴ ሄዱ። ሩቂያ ወጥታ ሁሉንም ሰማች።

«እርስዎን አምኛለሁ» አለች። «ግን ልጆችዎ እንዲህ ጠልተውኝ እዚያ ቤት እህል አይወርድልኝም። መጥተው ግቢ ካላሉኝ አልገባም።»

ይኸው እስከ ዛሬ...

ልጆቹ በየጁምዓው ይደውላሉ። አባት ያነሳሉ፣ ሰላምታውን ይመልሳሉ፣ ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃሉ።

«ከሚሴ ሄዳችሁ?»

«አይ አባ፣ አልተመቸንም...»

ስልኩ ይዘጋል። ሬዲዮው ይከፈታል።

ትምህርቱ፦ ሊያጠፋ አስቦ አስቀድሞ ይቅርታ የሚለምን ሰው የሚያታልለው እሱን የሚወደውን ሰው ነው። አባታችሁን ለመዝናናት የምትወስዱት አንድ ቀን ነው፤ ብቻቸውን እራት የሚበሉበት ግን ብዙ ነው።

እስቲ እናንተ ፍረዱ...

ጋሽ ኢብራሂምን ብትሆኑ ተታልላችሁ ያላችሁትን «አፉ» ትጠብቁት ነበር ወይስ ትመልሱት ነበር? ሩቂያስ ልክ ናት? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ አንድ በአንድ አነበዋለሁ።