ሁለተኛዋ ጉርሻ

በዚያ ዘመን የምግብ ቧንቧው በካንሰር ምክንያት ተቆርጦ የወጣለት ሰው ሁሉ፣ ከሆስፒታል ሲወጣ የቀረው ዕድሜ የሚታይበት አምባር እጁ ላይ ይታሰርለታል። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ከማል ሲጃራ እርግፍ አድርጎ የተወ ጊዜ አምባሩ አንድ ዓመት ጨመረለት። በሽታውን ያመጣበት ልማድ መሆኑን ረስቶ የሚፋጅ ሻይ ፉት ያለ ቀን ደግሞ ሦስት ወር ቀነሰበት።

ሚስቱ ሉባባ ታዲያ፣ እሱ ወደ ቤት በገባ ቁጥር ፊቱን ሳታይ እጁን ታያለች። ድሮ አንድ አጉርሳ ሁለተኛውን ሳታስከትል የማታርፍ ሴት፣ ሆዱ እንዳይጨናነቅና ቁጥሩ እንዳይወርድ ፈርታ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዴ ብቻ ነው የምታጎርሰው። ዛሬም ምሳ ላይ በክክ አልጫ አንድ ጊዜ አጎረሰችውና እጇን ሰበሰበች።

«ሁለተኛውስ?» አላት ከማል።

«አምባርህን እየው። ዘጠኝ ዓመት ከሁለት ወር ይላል። ላስቀንስብህ?»

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በአንድ ጉርሻ ተጣልተን ልንኖር ነው እንግዲህ።»

ሉባባ ሳቋ አመለጣት። «አንተ ሰውዬ፣ የምግብ ቧንቧህን ሲቆርጡ ምላስህን ረስተውታል» አለችና ከእንጀራው ጫፍ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ቆርሳ ጠቀለለችለት።

«ይቺማ የድንቢጥ ናት» አለ አፉን እየከፈተ።

«ዝም ብለህ አላምጥ።»

ቀስ ብሎ አላመጠ። እስኪውጣት ድረስ ሉባባ ዓይኗን ከፊቱ ላይ አላነሣችም። አምባሩ ስንት እንዳለ ሁለቱም ሳያዩት ገበታው ተነሣ።