የእሳት አደጋ ትምህርት

የአራተኛ ክፍሉ የእንግሊዝኛ መምህር ሲያስተምር ሊያዩት ሱፐርቫይዘሩ እንደሚመጡ በሰማ ጊዜ፣ የትምህርት ዕቅዱን ስልኩ ላይ በጫነው ሰው ሠራሽ አስተውሎት አሠራ። ስለ እሳት አደጋ ያማረ ጭውውት ጻፈለት። ከሥሩም ምክር ጨመረለት፤ ተማሪ ከተጻፈው ወጥቶ በራሱ አረፍተ ነገር ሲናገር ማመስገን እንጂ ማቋረጥ አይገባም አለው።

በማግስቱ ሱፐርቫይዘሩ ከኋላ ተቀመጡ። ልጆቹ «ፋየር! ፋየር! ሄልፕ!» እያሉ ጭውውቱን በዜማ አነበነቡት። መምህሩ ከተጻፈው ወጣ ብሎ የሚናገር ልጅ ቢጠብቅ ቢጠብቅ አጣ።

ድንገት መስኮቱ ሥር የተቀመጠችው ቤዛዊት ብድግ አለች። በዚያ ክፍለ ጊዜ አማርኛ ክልክል ነውና፣ እጇን ወደ ውጭ ዘርግታ፣ ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ፣ በእንግሊዝኛ «ቲቸር፣ እሳት! ውጭ ሞተር ሳይክል እየተቃጠለ ነው!» አለች።

«ቬሪ ጉድ!» አለ መምህሩ ፊቱ በርቶ። «ክላፕ ፎር ኸር!»

ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ከሁሉም አብልጠው ያጨበጨቡት ሱፐርቫይዘሩ ነበሩ። «ትወናዋ ራሱ ግሩም ነው!» አሉ። ልጅቷ እንባዋ እየመጣ ደግማ ጮኸች። ደግመው አጨበጨቡላት።

ይሄኔ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ በሩን በርግዶ ገባ። «ኧረ እሳት!»

መምህሩ ጣቱን አነሣ። «ኢን ኢንግሊሽ፣ ፕሊስ!»

ዘበኛው እሱን ትቶ ወደ ሱፐርቫይዘሩ ዞረ።

«ጋሼ፣ ምን ያስጨበጭብዎታል? ሞተርዎ እኮ ነደደ!»