የዶክተር ዳምጠው ክኒን

ደሴ ከተቆረቆረች ወዲህ እንደ ዶክተር ዳምጠው የተጨነቀ ሐኪም ታይቶባት አያውቅም። ልጅ ለዘገየባቸው ሴቶች ይበጃል ያለውን የሆርሞን ክኒን አምስት ዓመት ሙሉ ሲያጠና፣ አንዲት ሴት እንኳ አላረገዘችለትም። ጥናቱ ደግሞ በዚህ ሳምንት ሊዘጋበት ነው።

ከወር በፊት ክኒኑ ተሰጥቷት የሄደችው ሉባባ ዛሬ ተመለሰች። የደም ምርመራዋ ሲወጣ እርጉዝ ናት። ዶክተሩ ጮቤ ሲረግጥ የክሊኒኩ ጣሪያ ሊነሳ ምንም አልቀረው። ነርሶቹን፣ ዘበኛውን፣ ጥርሳቸውን ሊያስነቅሉ የመጡትን ሽማግሌ ሳይቀር ሰበሰበ።

“ይቺን ሴት በደንብ እዩዋት። ነገ ዓለም በሙሉ ስሟን ይጠራል፤ የኔንም አብሮ። በይ ልጄ፣ ክኒኑ ምን ምን እንዳደረገሽ አንድም ሳታስቀሪ ንገሪያቸው።”

ሉባባ በሀፍረት መሬት መሬቱን እያየች፣ ሠላሳውም ክኒን ያለበትን እሽግ ሳይከፈት ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

“ዶክተርዬ፣ ከቁርስ በኋላ ዋጪ ብለውኝ አልነበር? ረመዳን ሙሉ ቁርስ ከየት ላምጣ? ለሌላዋ ይድረሳት ብዬ መለስኩልዎ።”